ቦረቦሩን ገለባ ያለበስን ጊዜ

ባለቤቴ አልማዝ «እግርህ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል ልበል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ሰሞኑን መቀመጥ አልቻልኩም። ጠዋት ከቤቴል ተነስቼ በእግሬ እስከ አየር ጤና እሄዳለሁ፤ እዚያ ስደርስ ለምን እንደመጣሁ ይጠፋኛል፤ እመለሳለሁ። ሻይ አዝዤ ገና ሳይቀዘቅዝ ትቼው እነሳለሁ። ይህ ሁሉ የጀመረው በአንድ ጥንድ ጫማ ነው። የወንድሜ ልጅ ምሕረት ከሀገር ቤት የመጣች ዕለት፣ በራችን ላይ ጎንበስ ብላ የፕላስቲክ ጫማዋን ስታወልቅ የደረቀው ጭቃ እየተፈረፈረ ደፉ ላይ ወደቀ። ውጭ ካፊያ ጀምሮ ነበርና ጭቃው ራሰና ሸተተኝ። የገብስ ሥር፣ የበግ በጠጥ፣ የጉም ሽታ። ይህን ሽታ ከሌላ አፈር ጋር አላምታታውም፤ በልጅነቴ ወድቄበታለሁ፣ ተኝቼበታለሁ፣ በልቼዋለሁም። የአባቴ ማሳ ነው። «ይሄ ጭቃ የት ነው የነካሽ?» አልኳት። «ከቤት ስወጣ ነዋ፣ አባባ ደግፌ» አለች። «የበፊቱ መንገድ ተበልቶ አልቋል። አሁን ከቤት የሚወጣው በቦረቦሩ ውስጥ ወርዶ ነው።»

ቦረቦሩ! እኔ የማውቀው ቦረቦር እኮ ታናሽ ወንድሜ ሽብሩና እኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ተንደርድረን የምንዘለው ነበር። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በገብሱ ማሳ ጥግ የቀደዳት ጠባብ ስንጥቅ ነበረች፤ ሽብሩ አጭር ስለነበር አንዳንዴ እግሩ ይሳሳትና እስከ ጉልበቱ ይገባል፣ እኔ በጆሮው ጎትቼ አወጣዋለሁ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት ለካ ለዚህ ነው። ምሕረት ቁጭ ብላ እንደነገረችኝ፣ ያቺ ስንጥቅ በየክረምቱ እየሰፋች የገብሱን ማሳ እኩሌታ ውጣለች፤ እንሰቱን በረድፍ በረድፍ ወስዳለች፤ አሁን አባታችን የሠራው ትልቁ ቤት ጓሮ ስር ደርሳለች። ዘንድሮ ክረምቱ እንደ አምናው ከጠነከረ ቤቱ ይሄዳል። የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ታዲያ «መንግሥት በተራራ አካባቢ ላሉ ገበሬዎች ያወጣው የድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ ቦረቦሩን በጋቢዮን ያስገድባሉ፣ ሣር ያስተክላሉ፣ የድንችና የገብስ ምርጥ ዘር ይሰጣሉ» ብሏቸዋል። ጋቢዮን ማለት ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን ነው። ግን ማን ጋ እንደሚጠየቅ አያውቅም። ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል፣ ክልሉ ደግሞ «ይሄ ከላይ ነው» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ጣታቸውን ቀሰሩ። ሽብሩም ልጁን «ጋሼ አዲስ አበባን ያውቃል፣ ሂጂ» ብሎ ላካት።

አዲስ አበባን አውቅ ነበር። ያን ጊዜ፣ ከአጠና ተራ አለፍ ብሎ፣ ዕንጨቱ ገና ተልጦ ከመድረቁ በፊት መንደሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ በሚሸትበት ሰፈር፣ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረኝ። ከተማው ሁሉ ቤልቦተም የለበሰበት ዘመን ነው። እግሩ እንደ ጥሩምባ የሚሰፋ ሱሪ፣ ከላይ የተጣበቀ ሸሚዝ፣ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ። ጎረምሳው ገብቶ «ጋሽ ደግፌ፣ ጫማዬን የሚሸፍን አድርገው» ይለኛል፤ ጨርቁን ይዞ ለመጣ የእጅ ዋጋዬ ሦስት ብር ነበር፣ ከተከራከረኝ ሁለት ተኩል። ዳቦ በዐሥር ሳንቲም ይገዛል። ከኮልፌ ፒያሳ በሰይቼንቶ ታክሲ ስሙኒ ነበር፤ በፌርማታ ቆሞ አውቶቡስ ለጠበቀ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ራዲዮኔ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ይውላል፣ እኔ በመርገጫው ላይ እግሬን በዜማው ልክ አስኬዳለሁ፣ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱም ይጣደፋል። ዛሬ ልጆቹ ተቀዶ የተሸጠ ሱሪ በውድ ገዝተው ይመጣሉ። «ልስፋላችሁ?» ብል «ስታይሉ ነው ፋዘር!» ይሉኛል። ቀዳዳ ማሳየት የሚያኮራበት ዘመን ይመጣል ብሎ ማን ያስብ ነበር? እኛ ጋ ቀዳዳ የሚታየው ሬሳ ሲገነዝ ብቻ ነበር።

ከደንበኞቼ አንዱ በግብርና መሥሪያ ቤት የሚሠራ መነጽራም ሰው ነበር። ሰውነቱ ስለሚከብድ ሱሪው ሁልጊዜ ወገቡ ላይ ይጠብበዋል፤ በየወሩ እንዳሰፋለት ይመጣል። አንድ ቀን ወገቡን ስለካው «እናንተ አገር ተራራ ነው አይደል? ለተራራ ገበሬ የእርከን ሥራና የዘር እርዳታ መጥቷል፤ ቦታ እየመረጥን ነው» አለኝ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ቦረቦሩ ያኔ ገና ጠባብ ቢሆንም አባቴ በየክረምቱ «አድጋለች» ሲል እሰማ ነበር። ለመንኩት፤ የሱሪውን ዋጋ ተውኩለት፤ በመጨረሻ «እሺ፣ ከባልደረቦቼ ጋር መጥተን እናያለን» አለኝ። ለአባቴ ላኩበት። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም፣ ሱቁን ከፍቼ እየዘጋሁ፣ እየዘጋሁ እየከፈትኩ ዋልኩ። መቼም ይህ ያለመረጋጋት በሽታ የቆየብኝ ነው።

ይህን ሁሉ ለምሕረት አልነገርኳትም፤ የተቀበልኳት አየር ጤና መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ነው። ለምን እንደሄድኩ አልማዝ ታውቃለች። ልጅቱ አባቷ በነገራት አድራሻ ወደ ሱቁ ሄዳ እንዳትፈልገኝ ነው። ሱቁ የለማ! መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ፈረሰ፤ ቦታው ላይ ዛሬ ንጹሕ የእግረኛ መንገድና አበባ አለ፣ ሲያዩት ያምራል፣ እኔ ግን በዚያ በኩል አላልፍም። የስፌት መኪናዬን ቤቴል ከአንድ ደግ ጎረቤት በረንዳ ላይ አስቀምጬ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም አሳጥራለሁ። ለሽብሩ ይህን ትንፍሽ አላልኩም። ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ለመስቀል ሀገር ቤት ሄጄ አላውቅም፤ «ጉልበቴን አሞኛል» እላለሁ። እኛ አገር ለመስቀል የሚገባ ሰው ለእናት ነጠላ፣ ለወንድም ኮት፣ ለልጆች ጫማ፣ ለቤቱ ቅቤና ሥጋ የሚገዛበት ይዞ ነው የሚገባው። ባዶ እጁን የገባ ሰው አላየሁም፤ ባዶ እጅ ያለው አይገባምና። ምሕረት በመጣች ማግስት «ሱቁን ግን መቼ ያሳዩኛል?» ስትለኝ «እየታደሰ ነው» አልኳት። አልማዝ ከጓዳ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ፍለጋው ተጀመረ። የመጀመሪያው ቢሮ ዘበኛው በር ላይ «ተራራ? እዚህ የመስኖ ነው» ብሎ መለሰን። ሁለተኛው ሊፍቱ አይሠራም፤ ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ በእውነት አመመኝና «ውሸታም፣ የእጅህን አገኘህ» አልኩት ለራሴ። እዚያ ያለው ልጅ አንገቱን ሳያነሳ «ሲስተም የለም» አለ። ሌላው ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ከስብሰባ ወጥቶ ምሳ ላይ ሆነ፤ ከምሳ መልስ እንደገና ስብሰባ ገባ። እኔ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ምሕረት ትንሽ አፈረችብኝ መሰለኝ፤ «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ» ትላለች። «ውሃው ተቀምጦ ይጠብቃል እንዴ?» አልኳት። ዱሮ አንድ መነጽራም ደንበኛ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ የማውቀው ሰው የለም፤ የማውቃቸው ሁሉ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ከእኔ ቀድመው ሄደዋል። በመጨረሻ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን አስደግፋ «የተራራ ገበሬ የሚሉት? ከጀርባ ያለው ሕንጻ፣ አበባ ያለበት መስኮት» አለችን። መስኮቱ ላይ እውነትም አበባ ነበረ፤ ከአበባው ጀርባ ደግሞ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት ባለሙያ ተቀምጣለች።

ይህች ልጅ ሰው ናት። ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ፣ ምሕረትን እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። «ፕሮግራሙ አለ፤ የእናንተም ወረዳ አለበት» ስትል ልቤ ዘለለ። «ግን ለዘንድሮ ክረምት የሚደርሰው ዝርዝር ዓርብ ይዘጋል። መሬቱ መጎዳቱን የሚያሳይ ፎቶ ያስፈልገኛል።» ምሕረት ፊቷ በራ፤ አባቷ አስቀድሞ የተነሣውን ፎቶ በስልኳ ይዛዋለች። ስልኩን አቀበለቻት። ባለሙያዋ አንዱን አየች፣ በጣቷ ገፋ አድርጋ ሌላውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኛ የምንፈልገው የተቸገረ ገበሬ ነው። እኚህ ሰውዬ እኮ መሸለም ነው ያለባቸው።» ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ሽብሩ የመስቀል ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ በሁለት የሰቡ በሬዎች መካከል ቆሟል። በሬዎቹ የእሱ አይደሉም። ከጀርባው የቀረው የእንሰት ረድፍ እንደ ጫካ ሆኖ ይታያል፤ ቦረቦሩ የለም። ቤቱ በደንብ ተለቅልቋል። «በሬዎቹ የማን ናቸው?» አልኳት ምሕረትን። አንገቷን ደፋች። «የጎረቤት። አባዬ፣ መንግሥት የሚያየውን ፎቶ ባዶ ሜዳ ላይ አልነሳም ብሎ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮት መጣ። ምክንያቱም ይህን ፎቶ ከዚህ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያኔ መነጽራሙ ደንበኛዬና ባልደረቦቹ በመንግሥት ላንድሮቨር ሲመጡ እኔም አዲስ ጋባርዲን ኮት ለብሼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ላንድሮቨሩ ጉሙን ጥሶ አባቴ ደጅ ሲቆም ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ግቢው ተጠርጎ ሣር ተጎዝጉዟል። የመንደሩ ላም ሁሉ የእኛ በረት ውስጥ ነው፤ እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ ይዋጋሉ። ሴቶቹ ምርጥ ነጠላቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። ቦረቦሩስ? እናቴና ጎረቤቶቿ በላዩ ርብራብ አድርገው፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍነው፣ ከዚያ በላይ የገብስ ገለባ በትነውበት የአውድማ ዳር አስመስለውታል። ሽብሩ፣ ያኔ ገና ለግላጋ ጎረምሳ፣ እንግዶቹ እንዳይረግጡት ፊት ለፊቱ ተገትሮ «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» ይላል። ሙክት ታርዷል፣ ቆጮው ተቆርጧል፣ ቅቤው ይንቆረቆራል። መነጽራሙ በልቶ፣ ቀበቶውን አላልቶ፣ «አባቴ፣ እንግዲህ ችግራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ተነሥቶ ቆመ። «ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጎደለብን ነገር የለም። ያለችውን አብረን እንቀምሳለን» አለ። ምን ይበል? ቤቱ ለገባ እንግዳ፣ ያውም ለመንግሥት እንግዳ፣ «ራበኝ፣ መሬቴ እየሄደ ነው» ብሎ ገመናውን ያውጣ? አባቴ እርዳታ የሚሰጠው ለተከበረ ሰው ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ስለዚህ መከበሩን አሳያቸው። ስንመለስ መነጽራሙ በመንገድ ላይ ጥርሱን እየጎረጎረ «ደግፌ፣ እንዲህ ያለ አገር እያለህ ኮልፌ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። እርከኑም ዘሩም ከማዶ ላለው ተራራ ተሰጠ። ዛሬ ያ ማዶ አረንጓዴ ነው ይላሉ።

ከቢሮው ስንወጣ ታክሲ ይዘን ዘነበወርቅ ወረድን፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቀሪውን በእግር እንሂድ አልኩ። መንገድ ዳር ቆሜ ለሽብሩ ደወልኩለት። «ጋሼ! ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለኝ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ነገሩን አስረዳሁት። «ጋቢህን አውልቅ፣ የሰው በሬ መልስ፣ ቦረቦሩ ጫፍ ላይ ቆመህ ቤቱንም ገደሉንም የሚያሳይ ፎቶ ተነሥ» አልኩት። ከስልኩ ውስጥ ነፋሱ ይሰማኛል፤ ያ የተራራ ነፋስ እዚህ ኮልፌ ድረስ በጆሮዬ ገባ። «ጋሼ፣ ለጎረቤት ያላሳየሁትን ጉድ ለማላውቀው ሰው ላሳይ? አባታችን ያላደረገውን?» አለ። «አባታችን ስላላደረገው አይደል እንዴ ልጅህ በገደል ወርዳ የምትወጣው!» ጮህኩበት፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየኝ። «አንተማ ሱቅህ ውስጥ ተቀምጠህ እንዲህ ማለት አይከብድህም» አለኝ ወንድሜ፤ ክፋት አልነበረበትም። «አንተን እግዚአብሔር ሸፍኖሃል። እኔን ግን ተወኝ» ብሎ ዘጋው።

ሸፍኖሃል። ይህችን ቃል ይዤ ቤቴል ደረስኩ። አልማዝ ሁሉንም ከፊቴ አነበበችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች። «ለሱ ንገሪው!» አልኳት። «ሁለታችሁም እኮ የአንድ አባት ልጆች ናችሁ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ተቆጥቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ሄጄ ከመኪናዬ ፊት ቆምኩ፤ ተቀመጥኩ፤ ተነሣሁ። ከዚያ ምሕረትን ጠራኋትና «ስልክሽን አምጪ፣ ፎቶ አንሺኝ» አልኳት። ልጅቱ መኪናውን አየች፣ የተበጣጠሱትን የዩኒፎርም ቁርጥራጮች አየች፣ ከላዬ ያለውን የላስቲክ ጣራ አየች፤ ስለ ሱቁ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን እጄ አላርፍ አለ። ቁርጥራጩን በእግሬ ወደ ጥግ መጥረግ ጀመርኩ፣ ኮሌታዬን አስተካከልኩ፣ ሚስማር ላይ የሰቀልኩትን ኮት አውርጄ ለበስኩ። ምሕረት ስልኩን ዝቅ አደረገች። «አባባ» አለች በቀስታ፣ «ኮቱን ያውልቁት።» አወለቅኩት። አነሳችኝ። «ለአባዬ ምን ብዬ ልላክለት?» «ምንም አትበዪ። ሱቄ ይሄ ነው በይው።»

በነጋታው ከሽብሩ ምንም የለም። በሌላውም ቀን ምንም። እንደዚያ ቀን ተቅበጥብጬ አላውቅም። ወንድሜ ናቀኝ ወይስ አዘነልኝ፤ የትኛው እንደሚከፋ እያሰብኩ አስኮ ድረስ ያለ ጉዳይ ሄጄ ተመለስኩ። እንዲያውም ላልፍበት በማልፈልገው በአሮጌው ሱቄ ቦታ በኩል አለፍኩ። አበባው ያምራል። አጠናው ዛሬም ይሸታል። መኪናዬ የነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ልጇን አቁማ ጫማውን ታስርለታለች። ጎርፉ እኔንም መውሰዱን ማንም አላወቀም፤ ገለባ በላዬ በትኜ ነበራ።

ዓርብ ጠዋት ባለሙያዋ ቢሮ ደጅ ቆመን ሳለ የምሕረት ስልክ ጮኸ። ፎቶ ነው። ሽብሩ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። ጋቢ የለም፣ በሬ የለም። አሮጌ ሹራብ ለብሷል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀድዶ አጥንቱ ይታያል። ሱሪውን በስፌቱ አወቅኩት፤ እኔ ከዓመታት በፊት ለመስቀል የወሰድኩለት ነው። ከእግሩ ስር ምድሩ የለም፤ ዛፍ የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ከኋላው የአባታችን ቤት ግድግዳ ሥሩ ተፈልቅቆ የወጋግራው ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ወንድሜ ካሜራውን በቀጥታ ያየዋል፤ ፊቱ ላይ ያለውን ለማየት ግን ስልኩን ራቅ ማድረግ ነበረብኝ። ባለሙያዋ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ለምን አስቀድመው ይህን አልላኩም?» አለች። መዘገበችው። «ቡድኑ በቅርቡ ወጥቶ ያየዋል። ሽቦው ከክረምቱ ይቀድማል ብዬ ግን ቃል አልገባም አባቴ» አለች። እውነቷን ስለነገረችኝ አመሰገንኳት።

ከሕንጻው ወጥተን አንድ ሻይ ቤት ገባን። ምሕረት ስልኩን አውጥታ «አባዬ ሌላም መልእክት ልኳል፣ ለእርስዎ ነው» አለችኝ። ድምፁን ከፈተችው። መጀመሪያ ነፋሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ሽብሩ ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦ «ምሕረት፣ ለጋሼ ንገሪው። ጉልበቱን አላመመውም፤ ገባኝ። ለመስቀል ባዶ እጁን ይምጣ። ቤቱ ከቆመ ቤት ውስጥ እንበላለን፣ ካልቆመ ሜዳው ላይ እንበላለን። ሌላ ምንም እንዳይዝ። መርፌና ክር ብቻ ይያዝ፤ ሱሪዬን አይቶታል።»

ያን ዕለት ሻዬን እስከ አተላው ጠጣሁት። ምሕረት «እንሂድ?» ስትለኝ «ቆይ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አልኳት።